በቀይ ሹራቡ ውስጥ

የተባይ መድኃኒት ረጪው የመርጫውን ታንክ በጀርባው እንዳዘለ የሟች እህቱን ቁም ሣጥን ሊከፍት ሲል፣ ልጇ መሃል ገብታ በሩን በጀርባዋ ደገፈችው።

"አጎቴ፣ ቀዩን ሹራብ አትንካብኝ።"

"ዞር በይ እንጂ። ብል ገብቶበታል።"

"ይግባበት። ከረጨህበት የእማዬ ጠረን ይጠፋል።"

እሱም አላጣውም። ከቀብሩ ወዲህ ልጅቷ ቁም ሣጥኑን እየከፈተች ሹራቡን ስታሸት አይቷታል። ግን ዝም ከተባለ ከሹራቡ የሚተርፈው ቁልፉ ብቻ ነው። ይህንኑ ነገራት። አልተነቃነቀችም። አልረጭም፣ ልየው ብቻ ሲላት ነው የለቀቀችው።

ሹራቡን ወደ መስኮቱ ወስዶ እጅጌውን ገለበጠው። ብብቱ ሥር አንዲት ትል ተንቀሳቀሰች። ዕድሜውን ሙሉ ብል ሲፈጅ ኖሯል፤ እንዲህ ቀርቦ ግን አይቶ አያውቅም። ከሩዝ ፍሬ የማትበልጠው ትል ከእህቱ ሹራብ ክር እየቆረጠች የራሷን ቀይ ልብስ ሠርታ ለብሳለች። መዳፉ ላይ ሲያወጣት ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ፣ ልብሷን እየጎተተች መሄድ ጀመረች።

"ነይ እስቲ፣ እዪ" አላት፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ትሏን አተኩራ አየቻት። ከዚያ ታንኩ ላይ የተጻፈውን የእንግሊዝኛ ቃል በጣቷ ነካች።

"ቨርሚን። እማዬ በዚህ ስታበሽቅህ ትዝ ይልሃል?"

እንዴት ይረሳዋል። እህቱ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረች። ታንኩን አዝሎ በመጣ ቁጥር፣ ተባይ ብለህ የተሸከምከው ቃል እኮ መነሻው በላቲን ትል ማለት ነው ትለዋለች። ቀጥላ ሹራቧን ሳብ ታደርግና፣ የዚህ ደማቅ ቀይ ቀለም የእንግሊዝኛ ስም፣ ቨርሚሊየን፣ እሱም ከዚያው ነው የመጣው፤ ድሮ ቀዩን ቀለም ከትንንሽ ነፍሳት ስለሚያወጡት ትንሿ ትል ብለው ጠሩት፤ አንተ የምትፈጀውና እኔ የምዘንጥበት ዘመዳሞች ናቸው እያለች ትስቅበታለች። እሱ ደግሞ የአስተማሪ ወሬ ብሎ ያልፈዋል።

"እውነቷን ነበር" አለ፤ ዐይኑን ከመዳፉ ሳይነቅል። "እይማ፣ እንደ እሷ ዘንጣለች።"

"ትንሽ ሰፍቷታል።"

"እናትሽስ መቼ ልኳን ለብሳ ታውቃለች?"

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

ታንኩን ከጀርባው አውርዶ ከበሩ ውጭ አስቀመጠው። ተመልሶ ወንበር ወደ መስኮቱ ሳበና ለስላሳ ብሩሽና ክዳን ያለው ጠርሙስ እንድታመጣለት ጠየቃት።

"በእጅ ልትለቅመው ነው?"

"በእጅ። እንቁላሉ ቶሎ አይታይም፤ ነገም እመጣለሁ፣ ከነገ ወዲያም።"

"ሥራህስ?"

"ይሄ ምንድን ነው ታዲያ?"

ቀይ ለባሿን ትል በብሩሹ ጫፍ አንሥቶ ጠርሙሱ ውስጥ አኖራት። ክዳኑን ሊገጥም ሲል ግን እጁን መለሰ፤ ከሹራቡ ጠርዝ አንዲት የላላች ክር መዝዞ አስገባላት።