ኮንሶ ላይ የጠበቃት ሰው

ካድሬዎቹ አርባ ምንጭ ያለውን የሰፈሩን ጸሎት ቤት ባሸጉበት ዓመት፣ የመዘምራኑ መሪ ዳልጮ ሊይዙት እንደሆነ ሰማና በኮንሶ በኩል ወደ ሞያሌ ጠረፍ ሊሸሽ ቆረጠ። እጮኛውን አስቴርን፣ "አብረን እንሂድ" አላት። እናቷን ግን ወባ ጥሏቸው ነበር።

"እስኪሻላቸው ጠብቀኝ" አለችው። በማግስቱ ቤቱ ሄዳ ብትጠይቅ የለም።

እናቷ ዳኑ። የዳልጮ ወሬ ግን ጠፋ። "ጥሎኝ ሄደ" ብላ ተስፋ ቆረጠችና ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያለማውን ላቀውን አገባች። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ልጆችም ወለዱ። አስቴር ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም። ወጥ ጥዳ ትወጣለች። በኮንሶ መንገድ መኪና ሲያልፍ ጆሮዋ አብሮ ይሄዳል።

አንድ ቅዳሜ ዳምጤ የሚባል ሾፌር ሙዝ ሊጭን መጣ። ላቀው ዘለላውን ለጫኞቹ ሲያቀብል፣ ሾፌሩ አስቴርን ትኩር ብሎ አያት።

"የዳልጮ እጮኛ አንቺ አልነበርሽም?"

"ነበርኩ፣ ጋሼ።"

"ኮንሶ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ምነው ቀረሽበት? ኋላ እዚያ ያሳደሩት ሰዎች እንደነገሩኝ፣ ከአርባ ምንጭ መኪና በመጣ ቁጥር እየሮጠ ጋቢናውን ያይ ነበር። 'እናቷ ሲሻላቸው ትመጣለች' ይል ነበር። ድንበር የተሻገረው ዝናቡ መንገዱን ሊቆርጠው ሲል ነው።"

"ጠበቀኝ?"

"ጠበቀሽ እንጂ! 'ኮንሶ ነኝ በልልኝ' ብሎ ልኮብሽም ነበር። እኔ ስመለስ ኬላ ላይ ታሰርኩ። ስፈታ አግብታለች አሉኝ።"

"አሁንስ የት ነው?"

"እሱን እግዜር ይወቅ።"

አስቴር ዶማ አንስታ ሙዙ ውስጥ ገባች። ትናንት የተኮተኮተውን መሬት እንደገና ትኮተኩት ጀመር። መልእክቱ ደርሶኝ ቢሆን እሄድ ነበር? እናቴን ማን ያስታምምልኝ ነበር? ሄጄስ በረሃው ላይ ብንያዝ? ደግሞ ልጆቿ ትዝ አሏትና አፈረች። ዶማውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

መኪናው ከሄደ በኋላ ላቀው መጣ።

"ሰምቻለሁ" አላት። "ብትሄጂ ይሻልሽ ነበር?"

"አላውቅም፣ ላቀው። ይህን ሁሉ ዘመን ጥሎኝ ሄደ እያልኩ በእሱ ስናደድ ኖርኩ። አሁን በማን ልናደድ?"

ላቀው ጠጋ አላት።

"በእኔ ተናደጂ" አላት። "እኔ እዚሁ ነኝ።"

ሳቋ መጣ፤ ሳያልቅ እንባዋ ተከተለ። "እንግባ" ቢላት አልገባ አለች። እሱም ሌላ ዶማ ይዞ መጣና ከጎኗ ቆመ። መሬቱ አረም አልነበረውም፤ ሁለቱም ያውቃሉ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ኮተኮቱት።