ውስጥ እግር

«ስልኩን ትንሽ ዝቅ ያድርጉት እናቴ፤ ጣሪያው ብቻ ነው የሚታየኝ» አለች ሐኪሟ።

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን የክር ሳጥኑ ላይ አስደግፋ ፊቷን አስጠጋች። ስኳር ከያዛት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ድሮ ለአሥር ደቂቃ ምርመራ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ግማሽ ቀን ትሰለፍ ነበር። ዘንድሮ ግን ሐኪሟ በየወሩ በቪዲዮ ትደውልላታለች፤ እሷም ከማሽኗ ሳትነሳ ትታከማለች። ሎተሪ እንደወጣላት ነው የምትቆጥረው።

«የጠዋቱ መቶ ሃያ ስምንት፣ የማታው መቶ ሃምሳ» ብላ ከደብተሯ አነበበች፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

«በጣም ጥሩ። አሁን ደግሞ ውስጥ እግርዎን ያሳዩኝ።»

«ምኔን?»

«ውስጥ እግርዎን። ሁለቱንም።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። «ዶክተርዬ፣ እግሬን ምንም አያመኝም። ደግሞ የሙሽራ ቀሚስ ይዣለሁ፤ ቅዳሜ ይለበሳል።»

«አለማመሙ እኮ ነው የሚያሳስበኝ። ስኳር ቀስ እያለ የእግርን ስሜት ይወስዳል።»

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ባሏ ከወዲያኛው ክፍል ሰምቶ መጣ። «በይ አታስቸግሪ፤ ስልኩን እኔ ልያዝልሽ» አለና ተንበረከከ። ግራው ደህና ነበር። ቀኙን ብድግ ሲያደርግ ግን ስልኩን ወደ ጎን ብሎ ፊቱን አስጠጋ።

«ምነው? ምን አየህ?»

«አንቺ ሴት፣ እግርሽ ላይ ስፒል ተሰክቷል!»

ውስጥ እግሯ ላይ፣ ከተረከዟ ከፍ ብሎ የስፒሏ ራስ ብቻ ብቅ ብላለች፤ ዙሪያዋ ቀልቷል። ልብስ ሰፊዋ ማሽኑን የምትረግጠው በዚሁ እግሯ ነው። ድሮ እሾህ ሲወጋት ሰፈሩን በጩኸት የምታደበላልቅ ሴት፣ ብረት ተሸክማ ስንት ቀን እንደዋለች እንኳ አታውቅም።

«ራሳችሁ እንዳትነቅሉት!» አለች ሐኪሟ። «ሳይረግጡበት አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። እኔ ደውዬ እነግራቸዋለሁ።»

«ቀሚሱስ?»

«ቀሚሱ እግር የለው፣ የትም አይሄድ» አለ ባሏ፣ ክንዷን ትከሻው ላይ እያደረገ።

ጤና ጣቢያ ስፒሏን ነቅለው፣ ቁስሉን አጥበው መድኃኒት ሰጧት። «ሳምንት ቢቆይ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው» አለቻት ነርሷ። እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ የቀሚሱን ዘርፍ በእጅ ሰፋችው። ቅዳሜ ሙሽራዋ ለብሳው ወጣች።

በሳምንቱ ሐኪሟ ደግማ ደውላ ቁስሉን አየችና ደስ አላት። «ከእንግዲህ ግን በየማታው ውስጥ እግርዎ መታየት አለበት። የሚያይልዎ ሰው ይኖራል?»

«ምን ሰው ያስፈልጋል? በመስታወት አየዋለሁ» አለች።

የዚያን ቀን ከእራት በኋላ መስታወቱን ወለል ላይ አስቀምጣ ጎንበስ አለች። ጉልበቷ እምቢ አለ። መነጽሯን አደረገች፤ ያም ብዥ አለባት። ባሏ ሶፋው ላይ ሆኖ ሁሉንም ያያል፤ ግን ከቦታው አልተነሳም። ሠላሳ አራት ዓመት አብሯት ሲኖር፣ መርፌዋ ውስጥ ክር እንዲያስገባላት እንኳ ለምናው አታውቅም። ሳትጠይቀው የሚያግዛትን ደግሞ ትቆጣለች።

ጥቂት ታገለች። ከዚያ መስታወቱን አንስታ ግድግዳው ላይ መልሳ ሰቀለችው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ካልሲዋን አውልቃ እግሯን ጭኑ ላይ ዘረጋች።

«በል እንግዲህ ሾፌር» አለችው፣ «መንገዱን እይልኝ።»