ሙሉ ጉልበትና ግማሽ ጉልበት

ዝናቡ በዚያ ዓመት ቶሎ ገባ፤ ቶሎም አልወጣም። ሥራ ጠፋ። ሲገኝም ቀኝ ጉልበቴ እምቢ አለ። ሴራሚክ የሚነጠፈው ተንበርክኮ ነው። እኔ ደግሞ መንበርከክ ቀርቶ ቁጭ ለማለትም የምቃትት ሆንኩ። ዕቃዬን አንድ በአንድ ለባልደረቦቼ አዋስኩ።

ከሁሉ የከበደኝ የእትዬ ወጥ ቤት ነው። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ ሙያውን ስማር ቤቷ አስቀምጣ አብልታኛለች። ያኔ «ወጥ ቤትሽን እኔ አነጥፍልሻለሁ» አልኳት። የሰው ወለል ስነጥፍ አረጀሁ፤ የእሷ ሲሚንቶ እንደሆነ ቀረ። ጉልበቴ ሲከዳኝ ሌላ ነጣፊ ላኩላት። ከበር መለሰችው።

«ቃል የገባኸው አንተ ነህ። እሱ ምን ዕዳ አለበት?» አለች።

ሐኪም ቤት አብራኝ ሄደች። ሐኪሟ ወጣት ናት። ራጁን መብራት ላይ ሰቅላ አሳየችን። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ትራስ በውስጥ በኩል አልቋል፤ በውጭ በኩል ደህና ነው።

«ሁለት መንገድ አለ፣ አባቴ። አንደኛው መገጣጠሚያውን በሙሉ በብረትና በፕላስቲክ መተካት ነው። ብዙ ይቆያል። ሁለተኛው ያለቀውን ጎን ብቻ መተካት ነው። ቁስሉ ያንሳል፤ ጅማቶችዎ አይነኩም፤ እንደ ራስዎ ጉልበት ይታጠፋል። ግን ሌላው ጎን ኋላ ካለቀ ተመልሰን እንከፍተዋለን።»

«መንበርከክስ?»

«ሙሉው ሲሆን ብዙ ሰው ይከብደዋል። በግማሹ የተሻለ ተስፋ አለዎት። ቃል ግን አልገባልዎትም።»

እትዬ ጣልቃ ገባች። «ሙሉው ይደረግለት።»

«እትዬ፣ ጉልበቱ የኔ ነው።»

«አፉም ያንተ ነበር! ዕድሜህን ሙሉ ሰውን ‹መጠጋገን ዋጋ የለውም፣ ሁሉንም አንሱት› ስትል አልነበር? ለራስህ ሲሆን ግማሽ?»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠች።

እውነቷን ነው። ጥቂት ሴራሚክ ሲሰነጠቅ ወለሉን በሙሉ አስነሳ ነበር። አዲሱ ከአሮጌው ጋር አይመሳሰልም፤ ዓይን ይወጋል። ግን የጉልበቴን ውስጥ ማን ያየዋል? የምፈልገው መልክ ሳይሆን መንበርከክ ነው።

«ግማሹን» አልኩ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ አጠገቤ የተኛው ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። የእሱ ሁለቱም ጎን ስላለቀ ሙሉው ተተክቶለታል።

«እኔ ሞተር አስለወጥኩ፤ አንተ ካንዴላ» አለኝ።

«ማን ቀድሞ እንደሚነሳ እናያለን።»

ቀድሜው ተነሳሁ። በመታጠፍም በለጥኩት። እሱ ግን ቅር አላለውም፤ ምኞቱ የልጁን ቤት ደረጃ መውጣት ብቻ ነበር። ምርኩዙን እንደጣለ ወጣው። ከላይ ሆኖ ደወለልኝ። «ካንዴላ! ደርሻለሁ!» ሲል ጆሮዬን አደነቆረው።

እኔ ገና ነበርኩ። ቁስሉ ሲድን ሐኪሟ ፈቀደችልኝ፤ ፍርሃቴ ግን አልፈቀደም። መጀመሪያ አልጋ ላይ ተንበረከክኩ፤ ቀጥሎ ምንጣፍ ላይ። የጠባሳው ዙሪያ ደንዝዟል፤ በሰው ጉልበት የተንበረከክኩ መሰለኝ። ብረቱ ግን ዝም አለ።

በበጋው ሴራሚክ አስጭኜ እትዬ ደጃፍ ደረስኩ። ሴራሚኩን ስታይ ድስቶቿን ማውጣት ጀመረች።

ወፍራም ስፖንጅ አንጥፌ ወረድኩ። ሐኪሟ «ቀኑን ሙሉ አይንበርከኩ» ብላኛለች፤ ስለዚህ ጥቂት እነጥፋለሁ፤ ተነስቼ እንጎራደዳለሁ፤ ደግሞ እወርዳለሁ። እትዬ በሩ ላይ ወንበር ስባ ትጠብቀኛለች።

«ያቺ ጠማማ ናት።»

«ጠማማው ያንቺ ዓይን ነው።»

ውሃ ልኩን አስቀምጬ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየችውና ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቼ ሲደርቅ፣ ተንበርክኬ የመጨረሻውን ጥግ በጨርቅ ወለወልኩ። እትዬ ጫማዋን አውልቃ ገባች። አንድ ባልዲ ውሃ ደፋች። ውሃው የትም ሳይቆም ወደ ማፍሰሻው ሄደ። እሷም በባዶ እግሯ ተከተለችው፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ደግማ ደጋግማ። እንከን ፈለገች። አጣች።

«እሺ፣ ከፍለሃል» አለች። «አሁን ተነስ፤ አዲሱን ወለሌን በዚያ ጨርቅህ አታቆሽሽብኝ።»

እየሳቅኩ ተነሳሁ።