ተቀባይ የተባለው ሣጥን

ሀብትነሽ በዝግባ ማርያም አገር የታወቀች ዘፈን አውጪ ነበረች። ሰርግ ሲሆን፣ ልጅ ሲወለድ፣ ታቦት ሲሸኝ ድምፅ የሚጠበቀው ከእሷ ነው። እሷ ታወጣለች፣ ሌላው ይቀበላል። ስድሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ከቄስ ተሟግታ አትረታም፣ ዳኛ ፊት ቆማ አትርበተበትም። ስለዚህ ከዘፈኑም ውጭ ቢሆን ነገር የምታወጣው እሷ ነበረች። የማይቀበላት ሰው ቢኖር አንገቱን ደፍቶ ያልፋል እንጂ አፉን አይከፍትም፤ ምላሷን ያውቀዋላ።

ዝግባ ማርያም ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወስደውን ዋና መንገድ ለቀው አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚገቡባት ደብር ናት። የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ባለፈ በጥቂት ዓመቱ አንድ ድርጅት ከሰማይ ጽሑፍ የሚያወርድ መሣሪያ ለአንድ ቀበሌ ብቻ ይዞ መጣ፣ ለጎረቤት ቀበሌ ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ሀብትነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ቡሬ ወረደች። ቢሮው ደጃፍ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ሹሙ ሲወጣና ሲገባ እሷን መሻገር ሰለቸውና ዕቃው ለዝግባ ማርያም ይሁን አለ። ከዚያ ወዲህ ሣጥኑ የቀበሌው ቢባልም፣ በሰው ሁሉ አፍ «የሀብትነሽ ዕቃ» ነው። እሷም አትጠላውም ነበር።

የገጠሙት ሰዎች የገበሬ ማሰልጠኛው ጣሪያ ላይ ትልቅ ሳህን ሰቀሉ፣ ውስጥ ኮምፒውተር አስቀመጡ፣ ከጎኑ ጥቁር ሣጥን አኖሩ። አንደኛው ሣጥኑን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ይህ ተቀባይ ይባላል» አለ። ሌላው ሰው ሰምቶ ተወው። ሀብትነሽ ግን ደስ አላት። ተቀባይ ምን እንደሆነ ለእሷ ማን ሊነግራት? አውጪ ያወጣል፣ ተቀባይ ተቀብሎ ይመልሳል። መልስ የሌለው ተቀባይ በየት አገር አለ?

በየማለዳው ከሳህኑ ጽሑፍ ይወርዳል። የቡሬ ገበያ የበቆሎ ዋጋ፣ የስንዴ ዋግ መከላከያ፣ የሕፃናት ክትባት። የግብርና ባለሙያው ቢሆነኝ ያነብላቸዋል፣ ሰው ይሰማል፣ ይበተናል። በዚህ ብቻ ቢቀር ኖሮ ማንም ባላፈረ።

የባልቴቷ የሰብለ ልጅ ህይወት ግን አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ለዩኒቨርሲቲ ጥቂት ነጥብ ጎድሏት ቤት ተቀምጣ ነበር። በዚያው ሰሞን ዳኘው የሚባል ባለ ብዙ በሬ ገበሬ ለልጁ ሽማግሌ ላከባት። ሰብለ ልቧ ለሁለት ተከፈለ። ልጅቱ አዋላጅ ነርስ መሆን ነው የምትለው፤ ቤቱ ደግሞ ወንድ የለውም፣ መሬቱ በእኩል፣ ግማሹ ምርት ለሌላ አራሽ እየተሰጠ ነው የሚታረሰው። እንዲህ ሳለች ቢሆነኝ ከፍኖተ ሰላም ማስታወቂያ ይዞ መጣ። ለገጠር ሴት ልጆች ነፃ የአዋላጅነት ትምህርት አለ፣ ማመልከቻው በኢንተርኔት ብቻ ነው፣ እስከ መጋቢት ሠላሳ። ሰብለ ለሽማግሌዎቹ እስከ ግንቦት ልደታ ታገሡኝ አለቻቸው። መልስ ከመጣ ልጄ ትማራለች፣ ካልመጣ የእናንተ ናት። በዚህ ቃል ተለያዩ።

ህይወት ፍኖተ ሰላም ሄጄ ኢንተርኔት ቤት ልላከው ብላ ልብሷን አጥባ ተዘጋጀች። ሀብትነሽ ይህን ስትሰማ እንደ ስድብ ቆጠረችው። እሷ ሦስት ቀን ደጅ ጠንታ ያመጣችው ዕቃ እዚህ ተቀምጦ፣ ልጃገረድ ከተማ ለከተማ ምን ያዞራታል? ወደ ማሰልጠኛው ስትሄድ ቢሆነኝ ለስብሰባ ሊወጣ ቦርሳውን ሲያስር አገኘችው።

«ይህ ዕቃ ይቀበላል አይደል?» አለችው።

«ሥራው መቀበል ነው፣ እሜቴ» አላት፣ ቀና ሳይል።

ለምን እንደጠየቀች አልነገረችውም። የማሰልጠኛውን ቁልፍ ተቀብላ ልጅቱን ልትጠራ ወጣች። ኋላ ላይ ነገሩን ስታመነዥገው፣ የጠየቀችው ለማወቅ ሳይሆን አዎ ለመባል እንደነበረ ገባት።

ህይወት ትምህርት ቤት ተምራዋለችና ኮምፒውተሩ ላይ ስሟን፣ ውጤቷን፣ አዋላጅነትን ለምን እንደመረጠች አሳምራ ጻፈች። አክስቷ በወሊድ የሞተችበትን ቀን ሳይቀር አስገባች። ጨርሳ ግን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ይህ የሚልክበት የለውም። እዚሁ ተቀመጠ እንጂ የትም አልሄደም። ፍኖተ ሰላም ልሂድና ማታ እመለሳለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ሳህኑ ወዴት እንደዞረ አታይም? ወደ ሰማይ ነው። ሰማዩ ይዞታል። መንገድ ለመንገድ መንዘላዘል አምሮሽ ከሆነ እሱን በይኝ» አለቻት።

ልጅቱ ፊቷ ቀላ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሀብትነሽም ዝምታዋን እሺታ አድርጋ ቆጠረችው።

መጋቢት አለቀ። ሚያዝያ ሲጋመስ አንድ ማለዳ ከሳህኑ የወረደው ጽሑፍ ፎቶ ነበረበት፤ ደብተር የያዙ ሴት ልጆች ተሰልፈው ይስቃሉ። ቢሆነኝ ሥልጠና ላይ ነበር። የማሰልጠኛው ዘበኛ ልጅ ገነነ እያንተባተበ «ሴቶችን ማስተማር አገርን ማስተማር ነው» የሚለውን አነበበላት። ሀብትነሽ ሌላ አልጠበቀችም። በሚቀጥለው ሰንበቴ፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲዞር ተነሥታ ቆመች። ህይወት ተጠርታለች፣ መልሱ በእኔ ዕቃ ወርዷል፣ ጎበዝ የሆነ አሁን ይናገር አለች። ሰብለ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ አለች። ዳኘው ከነሽማግሌዎቹ ጥግ ላይ ጠላውን ጠጣ። ህይወት ከሴቶቹ ኋላ ቆማ መሬት መሬት ታይ ነበር፤ ሀብትነሽ ደስታ ነው ብላ አለፈችው።

ማግስቱን ቢሆነኝ ተመለሰ። ሀብትነሽ መኪናው ልጅቱን የሚወስዳት መቼ እንደሆነ ጠይቅልኝ አለችው። የትኛው መኪና አላት። የህይወትን ማመልከቻና የወረደውን መልስ ነገረችው። ሰውየው የያዘውን ብዕር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እሜቴ፣ ይህ እኮ እንደ ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ውስጥ ለሚያወራው ሰው ቢመልሱለት እሱ ይሰማዎታል?»

«ተቀባይ ነው አላላችሁም?»

«ከሰማይ የሚመጣውን ይቀበላል። ከእኛ ግን ምንም አይወስድም። ኢንተርኔት የሚባለው ሌላ ነው፤ እሱ ይሰጣል፣ ይወስዳል። የህይወት ጽሑፍ እዚሁ ነው ያለው።» ኮምፒውተሩን ከፍቶ አሳያት። ማንበብ ባትችልም ልጅቱ የጻፈችውን በመልኩ አወቀችው። ካስቀመጠችበት ሳይነቃነቅ አርባ ቀን ሊሆነው ነው።

ሀብትነሽ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፈው ገበያ መሃል ያቆሟት መሰላት። ሰንበቴው ትዝ አላት፣ የሰብለ ጎንበስ ማለት ትዝ አላት። ቢሆነኝ ጥፋቱ የእኔም ነው፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም አለ። 

በሌላው ቀን ሌሊት ሳይነጋ ተነሥተው፣ ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ በይሱዙ የጭነት መኪና ተሳፍረው፣ ከህይወት ጋር ፍኖተ ሰላም ገቡ። ለሰብለ መልሱን ልናጣራ ነው ብቻ አሏት። ኢንተርኔት ቤቱ ከባጃጅ መቆሚያው ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ማስቲካ የምታኝክ ልጅ ለህይወት አንድ ወንበር ሰጠቻት። ሀብትነሽ ከኋላዋ ቆመች። ሳህን ፈልጋ ጣሪያውን ከደጅ አይታ ነበር፤ ከስልክ ምሰሶ የመጣ አንድ ቀጭን ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ህይወት ማመልከቻውን ወደሚቀበሉት፣ አዲስ አበባ ወዳሉት ሰዎች ጻፈች፤ ዘግይቻለሁ፣ ትቀበሉኛላችሁ ወይ ብላ። ከዚያ ጠበቁ። ሽቦው እየተቋረጠ፣ እየመጣ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መልስ መጣ።

ሀብትነሽ የገረማት መምጣቱ ብቻ አይደለም። በስሟ ጠርተው ነው የመለሱላት። «ውድ ህይወት» ይላል። አንድ ሰው፣ የሆነ ቦታ ተቀምጦ፣ ልጅቱን ሰምቷታል። ምዝገባው መጋቢት ሠላሳ ተዘግቷል፣ ቦታው ሞልቷል፣ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ሞክሪ ይላል።

«ጻፊላቸው» አለች ሀብትነሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልጅቱ አልዘገየችም በይ። ሀብትነሽ የምትባል አሮጊት አዘገየቻት በይ።»

ህይወት ጻፈችው። እሱም መልስ አመጣ፤ በጣም እናዝናለን የሚል፣ የተዘጋውን ግን የማይከፍት።

ሲመለሱ ይሱዙው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ልጅቱ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። ለእናቴ አልተቀበሉኝም ነው የምላት፣ ውጤቴ አነሰ እላታለሁ፣ የእርስዎ ስም አይነሣም አለቻት። ሀብትነሽ ከሰማችው ስድብ ሁሉ ይህ ከፋት። ያበላሸችባት ልጅ ልትሸፍናት ነው።  እሺም አላለች፣ አይሆንምም አላለች። ቀናትም በዚያው ዝምታ አለፉ፣ እሷም ሰንበቴ ሳትሄድ አሞኛል ብላ ቀረች።

የልደታ ዕለት ሽማግሌዎቹ ሰብለ ቤት ተሰበሰቡ። ዳኘው መሃል ተቀምጧል። ሰብለ ወንበር እያጠጋጋች ነው፤ ልጇ የነገረቻትን አምና፣ ፊቷ ጠቁሮ። የልጄ ውጤት አንሶ አልተቀበሏትም፣ ቃሌ ቃል ነው ልትላቸው አፏን ስታሟሽ ሀብትነሽ ከደጅ ገባች። ይቀመጡ ቢሏት አልተቀመጠችም።

«ልጅቱ ውጤት አላነሳትም። ወረቀቷን ያየው ሰው የለም። ፍኖተ ሰላም ልሂድ ስትል የከለከልኳት እኔ ነኝ። ሰንበቴ ላይ ተጠርታለች ያልኳችሁም ውሸት ነው፤ ሳላውቅ ነው ያልኩት፣ ከዚያ ግን አውቄ ዝም አልኩ። በዓመቱ ደግሞ ይከፈታል ብለዋል። አያ ዳኘው፣ አንድ ዓመት ስጧት።»

 ዳኘው ዱላውን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ መሬት አስደገፈው። «እሜቴ ሀብትነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለምኑ ሰማን» አለ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች በጋቢያቸው ሥር ሳቁ። እሷ ሳቁን እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማችው። «ሁለት ወር የእሳቸውን ሣጥን ስንጠብቅ ኖርን። ልጄ ዓመት አይጠብቅም። ሰብለ፣ ዛሬ እሺ በይን ወይ አሰናብችን።»

ሰብለ ወደ ሀብትነሽ ዞረች። «ልጄ በጻፈችበት ዕለት ቤት ገብታ ነግራኝ ነበር። ዕቃው አይልክም እማዬ ብላ አልቅሳ። እኔ ነኝ ዝም በይ ያልኳት። እሜቴን ማን ደፍሮ ይናገራል ብዬ።»  «ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ሰንበቴ ላይ ስትናገሪ እንኳ፣ ምናልባት እኛ ተሳስተን ይሆናል አልኩ። ይኸን ያህል ነው የፈራንሽ።»

አንቱታዋን መተዋን ሀብትነሽ ሰማች። ማንም እንዲህ አንቺ ብሏት አያውቅም። 

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለች ሰብለ ልጇን።

ህይወት ከምሰሶው አጠገብ ቆማ ነበር። ዓመቱን እጠብቃለሁ አለች።

ዳኘው ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ። ሌሎቹም ተከተሉት። መሬቱ በእኩል እንደሚታረስ፣ ልጅቱ ያለ ትምህርት፣ ቤቱ እንደነበረው ቀረ። ሰብለ ሽማግሌዎቹን እስከ አጥር ሸኝታ ተመለሰችና የተጠጋጉትን ወንበሮች አንድ በአንድ ወደ ግድግዳው መመለስ ጀመረች። ሀብትነሽ ትንሽ ቆመች። ይቀመጡ የሚላት የለም። እንግዲህ ደህና ዋሉ አለች። ሰብለ ወንበሩን እየጎተተች እግዜር ይመስገን አለች እንጂ ለመሸኘት አልወጣችም።

ደጅ ላይ ውሻው ጮኸባት። ህይወት ወጥታ ውሻውን በአንገቱ ይዛ፣ እስክታልፍ ድረስ ቆመች።