ጨዋ ሰው ይናገርልን

ታላቅ እህቴን እታለም እላታለሁ። ሰፈሩም ከእኔ አፍ ነጥቆ እታለም ይላታል። እሷ የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ እኔ ሰዓት እጠግናለሁ። ሁለቱም ሥራ በአንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ በሌላኛው እንተኛለን። መስኮታችን የሚከፈተው ወደ ቆሻሻ ማራገፊያው አጥር ነው። ይከፈታል ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ፣ ጠርዙን በጨርቅ ወትፌ ከዘጋሁት ቆይቷል። የከተማው ቆሻሻ በትንንሽ መኪና መጥቶ እዚያ ይራገፋል፣ ከዚያ በትልልቁ ተጭኖ ይሄዳል ይባላል። የሚሄደው ይሄዳል፤ የማይሄደው ይቃጠላል። ጭስ ደግሞ አጥር አያውቅም።

እታለም ማሳል ስትጀምር የጨርቁ ብናኝ ነው ብለን ነበር። በኋላ ደም ሲቀላቀልበት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ሲያበቃ እኔን ወደ በሩ ጠራኝ።

«ከዚያ ጭስ ካላወጧት የምሰጣት መድኃኒት ውሃ ነው» አለኝ። «ክረምቱን መውጣቷን እንጃ።»

አወጣታለሁ፤ ግን ወዴት? የሌላ ሰፈር የቤት ኪራይ እንኳን ሰዓት ለሚጠግን ሰዓት ለሚሸጥም አይቀመስም። እንግዲህ እሷ መውጣት ካልቻለች መውጣት የነበረበት ማራገፊያው ነው።

ያ ደግሞ የሚሆን መሰለ። ከተማው አዲስ ፕላን ሊያወጣ ነው ተባለ። ማራገፊያው ወይ ከአጠገባችን ተነስቶ ከከተማ ውጭ ወዳለ ባዶ መሬት ይሄዳል፣ ወይ እዚሁ እንዳለ ይሰፋል። ከሁለቱ አንዱ ከመወሰኑ በፊት ባለሙያዎች መጥተው የነዋሪውን አስተያየት ይሰማሉ፤ ሕጉ ያስገድዳቸዋል። ይህን ያበሰሩን ሻለቃ ናቸው። ሻለቃ በጡረታ የተገለሉ ወታደር ናቸው፤ ማዕረጋቸው በእርግጥ እዚያ መድረሱን ማንም አላጣራም። የሰፈራችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለሆኑ እሳቸው ግቢ ተሰበሰብን።

«ማን ይናገር?» አሉ ሻለቃ።

«እኔ!» አለች ሳይረን።

ሳይረን ከሰል ትሸጣለች። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ጉሮሮዋ ነው፤ ከመንገዱ ጫፍ «ከሰል!» ስትል የተኛ ሕፃን ሁሉ ይነቃል።

«እኔ ልናገር! የልጄ ዓይን መግል ሲያዘንብ እያየሁ ነው የማድረው። ጉሮሯቸው ላይ ነው የምቆመው!»

«አንቺ ከተናገርሽማ ፕላኑ ላይ እስር ቤት ይጨምሩልናል» አሉ ሻለቃ።

ሰው ሳቀ።

«ሳቁ፣ ሳቁ! እነሱም ጥርሳችሁን ሲያዩ የጠገባችሁ ይመስላቸዋል።»

«ስሚኝ እህቴ» አሉ ሻለቃ ለስለስ ብለው። «የሚመጡት የተማሩ ሰዎች ናቸው። ስድብ ከሰሙ ጆሯቸውን ይደፍናሉ። ጨዋ ሰው ይናገርልን።»

ጨዋ ሰው ሲባል ሁሉም ወደ እህቴ ዞረ። የተጣላ የሚታረቀው በእሷ ነው፤ በሰፈሩ ውስጥ ከአፏ ክፉ ቃል መውጣቱን የሚያስታውስ የለም። ያን ዕለትም ሰዎቹ ሲያወሩ ሳሏን ለማፈን ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር።

«ማስረጃዋን ደረቷ ውስጥ ይዛ ነው የምትቀርበው» አሉ ሻለቃ፤ ሰዉም «እውነት ነው» አለ። እኔም ደስ አለኝ።

ሳይረን ብቻ እጇን አጨበጨበች። «እሷ? እሷ እባብ ቢነድፋት ‹ይቅርታ፣ እግሬ መንገድህ ላይ ነበር› የምትል ሰው ናት!»

በዚህም ተሳቀ። እታለም ራሷ ከሁሉም በላይ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ለባለሙያዎቹ የምትለውን እየሰፋች ስትነግረኝ እሰማት ነበር። ጠዋት ጠዋት ስለሚመጣው ደም። ዝናብ ሲጥል ከአጥሩ ሥር ፈልቶ መኝታ ክፍላችን ስለሚገባው ጥቁር ውሃ። ስለ ሳይረን ልጅ ዓይን። ስትናገረው አትጮህም፣ አታለቅስም፤ የልብስ ልክ እንደምትወስድ ሴት አንድ በአንድ ነው። እንዲህ ከተናገረችው ድንጋይም ይሰማል ብዬ ነበር።

«ማማረር አይሆንብኝም?» አለችኝ አንድ ጊዜ፣ የማሽኑን ፔዳል አቁማ።

«እውነት መናገር ማማረር አይደለም።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለችና መስፋቷን ቀጠለች።

የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ማለዳ ወጥቼ ባይ ሰፈሩ በሙሉ መጥረጊያ ይዟል። ቦዩን በጣውላ ከድነውታል፤ መንገዱ ላይ ውሃ ተርከፍክፏል፤ አንዷማ በሯ ላይ ሽቶ ስትረጭ አየኋት።

«ምን ሆናችሁ?» ትላለች ሳይረን መሐል መንገድ ላይ ቆማ። «የሚመጡት ይሄን ሊያዩ አይደል እንዴ? ለማን ነው የምትደብቁት?»

«እንግዳ እንዴት ብሎ ቆሻሻ እየረገጠ ይግባ?» አሏት አንዲት እናት፣ ጎንበስ እንዳሉ። «ምን ይሉናል? ባለጌ እንባል?»

እውነት ለመናገር እኔም ደጃችንን ጠርጌያለሁ። ማራገፊያው ውስጥም ያን ቀን እሳት አልነደደም፤ ማን እንደነገራቸው እንጃ። ሰማዩ እኛን ሊያሳጣ የተማከረ ይመስል ጥርት ብሎ ዋለ።

ሁለት ሆነው መጡ፤ አንዲት ወጣት ባለሙያና ድምፅ መቅጃ የያዘ ሰውዬ። ልጅቷ ኩራት የላትም። ወንበር ሳናቀርብላት እህቴ ጨርቅ ስትቆርጥ የምትቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀመጠች። ሻለቃ በሩ ላይ ቆሙ፤ ሳይረንም ላትናገር ምላ ከኋላቸው ቆመች።

«እናቴ፣ እንዴት ነዎት?» አለች ልጅቷ ፈገግ ብላ። «ጤናዎ እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለች እህቴ። «እናንተስ? በዚህ ፀሐይ ደከማችሁ፣ ልጆቼ።»

ሰላምታ ነው ብዬ አለፍኩት። ሰውዬው መቅጃውን ወደ አፏ አስጠጋ።

«ማራገፊያው ከጀርባዎ ነው ያለው። ያስቸግርዎታል?»

እታለም አፏን ከፈተች። መጣ፣ አልኩ በልቤ። የመጣው ግን ሳሉ ነበር። የአንገቷ ሥር ሲገተር አየሁ። እንግዳ ፊት ላይ እንዳታስል ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ዋጠችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ትንፋሿ እስኪመለስ ሁላችንም ጠበቅን።

«ያው… ሰው የማይለምደው የለም» አለች ቀስ ብላ። «ይመስገን። ከእኛ የባሱ አሉ።»

«ስለዚህ እዚህ መኖሩ ያን ያህል አያሰጋዎትም?»

«እሱ የፈቀደው ይሆናል።»

«እታለም!» አልኳት። «ስለ ደሙ ንገሪያቸው እንጂ!»

ሰውዬው እጁን አነሳ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ በራሳቸው አንደበት ይናገሩ። ተጽዕኖ ተደረገባቸው እንዳይባል።»

ያኔ ሳይረን መሐላዋን በላች። «ውሸቷን ነው! እየሞተች እኮ ነው! እናንተ ደንቆሮዎች፣ አታዩአትም?»

ሻለቃ ክንዷን ይዘው ወደ ውጭ ጎተቷት። ልጅቷ ደነገጠች፤ ከሳይረን ወደ እህቴ አየች። ያቺ ዕይታ የመጨረሻዋ ቀዳዳ ነበረች። እህቴ ግን በሀፍረት አንገቷን ደፍታ ነበር።

«ይቅር በሏት፣ ልጆቼ» አለች። «ልጇ ታሞባት ተናዳ ነው።»

የመኪናቸው ድምፅ እንደራቀ፣ ይዛው የቆየችው ሳል ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። ጀርባዋን ደግፌ ይዣት፣ ጎድኗ በመዳፌ ሥር ሲነሳና ሲወድቅ፣ መቆጣት አማረኝ፤ አልቻልኩም። ሲተዋት ጠብቄ «ለምን?» ብቻ አልኳት።

«አፌ ላይ ነበር» አለች። «እንደ ጸሎት ሸምድጄው ነበር እኮ። ግን መጀመሪያ እንዴት ነዎት አለችኝ። እንዴት ነሽ ሲሉኝ ይመስገን ማለት ከእናታችን ጡት ጋር የጠባሁት ነው፤ ሳላስበው ወጣ። ከወጣ በኋላ በየት አፌ ልመልሰው? እግዚአብሔርን በሰው ፊት አመስግኜ፣ ወዲያው ደግሞ ምስጋናዬ ውሸት ነው ልበለው?»

እኔም የምጸልይ ሰው ነኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስጸልይ ምስጋናው ላይ ስደርስ እንቅፋት ይመታኛል፤ ዘልዬው ወደ ልመናው እሄዳለሁ።

ውሳኔው ሲለጠፍ ያነበቡልን ሻለቃ ናቸው። አካባቢው ንጽሕናው የተጠበቀ ሆኖ ተገኝቷል ይላል። በዕድሜና በጤና ተጋላጭ የሆኑ ነዋሪዎች ሳይቀሩ ከማራገፊያው የተነሳ የጎላ ችግር እንዳልደረሰባቸው በራሳቸው አንደበት አስረድተዋል ይላል። ስለዚህ ማራገፊያው ባለበት ይሰፋል። ሻለቃ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ቀልድ አልመጣላቸውም። ሳይረን ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ንጽሕናው የተጠበቀ» አለች በማይሰማ ድምፅ። ከዚያ የከሰል ጆንያዋን አንስታ ሄደች።

በማግሥቱ የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ወደ ባለሙያዎቹ ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷ አወቀችኝ፤ ተነስታ አስቀመጠችኝ። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ አንብባም ከጠረጴዛው ላይ ቶሎ አላነሳችውም።

«ይሄ ያኔ ቢቀርብልኝ ኖሮ…» አለች።

«ሳሏ ይበቃል ብለን ነበር።»

«አላሳሉም እኮ» አለች። «እንዳይመስልዎት፣ ሽታው ሸትቶኛል። ቤት ስገባ ልብሴን ነው የቀየርኩት። ግን የሸተተኝን መጻፍ አይፈቀድልኝም፤ የምጽፈው ያሉኝን ነው።»

«እንግዲያው አሁን እያልኩሽ ነው፣ ጻፊዋ።»

«የአስተያየት ጊዜው ተዘግቷል። ፕላኑ ሲከለስ ተመልሰን እንመጣለን።»

«መቼ ነው የሚከለሰው?»

«በየአሥር ዓመቱ ነው» አለች፤ ዓይኗ ላይ የነበረው እንባ ይመስለኛል። ምን ላድርገው? አጽናንቻት ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ዶዘር ገብቷል። ከመስኮታችን ባሻገር የነበረውን አሮጌ አጥር ነቅለው አዲሱን ችካል ወደ እኛ ግድግዳ አስጠግተውታል። እታለም ማሽኗ ላይ ነች፤ ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ ሥራው በዝቶባታል።

«ምን አሉህ?»

መንገዱን ሙሉ ውሸት ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት። ፊቷን ሳየው ጠፋብኝ።

«በአሥር ዓመት ተመልሰው ይመጣሉ።»

ፔዳሉን አቆመች። ለካ ሳቅ ይዟት ነው። ሳቀችና፣ ሳለችና፣ ሻርፗን አጥፋ ደበቀችው።

«ያኔ እንግዲህ ሳይረን ትናገር» አለች። «እኔ አልኖርም።»

እንዲህ ሲባል «ክፉ አታውሪ፣ ዕድሜ ይስጥሽ» ማለት ወግ ነው። ከምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። እህቴ አንድ ጊዜ፣ ዘግይታም ቢሆን፣ የሆነውን ተናግራለች፤ በእኔ መልካም ቃል ሊሸፈን አልፈለግኩም። እሷም ዝም ማለቴን አየች፤ ደስም ያላት ይመስለኛል፣ ወይም እንደዚያ ማሰብ ፈልጌ ነው።

ሰማያዊ እጅጌ ከፊቷ አነሳች። መርፌው ላይ ክሩ ተበጥሶ ነበር፤ ልታስገባ ሞከረች፣ ቀዳዳው ጠፋባት። ተቀበልኳት። እኔም ለማየት ጊዜ ወሰደብኝ፤ የዶዘሩ አቧራ በወተፍኩት ጨርቅ አልፎ ገብቶ ክፍሉ ደብዝዞ ነበር።