የሚያምኗቸው አምስት ሰዎች

«እርግጠኛ ነዎት?» ሲል ጠየቀ ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛው። ከበደች እርግጠኛ ነበረች። «አዎ» የሚለውን ተጫነች። ፕሮግራሙ ከነሙሉ ስሟ ተጠራርጎ ጠፋ።

ጥፋቱ የራሷ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ልጇ ሌሊሳ ይህን የመልእክት መላላኪያ ፕሮግራም ሲጭንላት፣ «እዚህ ጋ ቅጽል ስም ጻፊ፣ ደስ ያለሽን» ብሏት በሩን ሊዘጋ ተነሳ። እሷ ደግሞ ጭሮ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት፣ ሃያ ሰባት ዓመት የሠራች ሰው ናት። ባዶ የስም ቦታ ካየች የምትሞላው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስም ከነአባት፣ ከነአያት። ሌሊሳ ተመልሶ ሲያየው በሳቅ ፈነዳ። «እማ፣ መታወቂያ ልታወጪ ነው እንዴ? ግድ የለም ይሁን፤ ከእኔ በቀር የሚያየው የለም» አላት።

ያኔ አብራው ስቃ ነበር። ትናንት ጠዋት ግን ከበላይ የመጣ ደብዳቤ ጠረጴዛዋ ላይ አረፈ። እንደ ወትሮዋ ማኅተም መታችበት፣ በገቢ መዝገቡ ላይ ቁጥርና ቀን ሰጠችው፣ ከዚያ አባሪውን ገለጥ አደረገች። የሚፈለጉ ሰዎች ስም ዝርዝር ነበር፤ አሥራ አንድ ስም። ሰባተኛው ሌሊሳ ዘገየ ይላል። እጇ ሥራውን አላቆመም፤ ደብዳቤውን ወደሚመለከተው ክፍል መርታ፣ ብዕሯን ከድና፣ ሽንት ቤት ገብታ ቆማ ቀረች።

ልጇ ዩኒቨርሲቲውን ጥሎ ከወጣ ወዲህ የት እንደሚያድር አታውቅም። «የማታውቂውን ማንም አያስለፈልፍሽም» ብሏታል። ስልኩንም አጥፍቶታል። ሲለያዩ የተስማሙት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ለገና ዋዜማ ማታ እመጣለሁ፤ በዓልን ብቻሽን አትውዪም። እንዳልመጣ የሚያደርግ ነገር ካለ በዚህ ጻፊልኝ። መሃል ላይ ማንም የለም፤ ከአንቺ ማሽን ወደ እኔ ማሽን ቀጥታ ነው፣ ተቆልፎ ይወጣል፣ ተቆልፎ ይደርሳል። ዋዜማው ቅዳሜ ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት ለመጨረሻ ጊዜ ከፍቼ አያለሁ። ዝም ካልሽ ሰላም ነው ብዬ መንገድ እጀምራለሁ።»

ዛሬ ሐሙስ ነው። ሆዴን አመመኝ ብላ ከሥራ ቀርታለች። ጠዋት ፕሮግራሙን ስትከፍት ግን ያ ሙሉ ስሟ አፍጥጦ ጠበቃት፤ በዚያ የስም ዝርዝር ላይ አሥራ ሁለተኛ ሆና የገባች መሰላት። ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ አይፈረምበትም፤ ይቀደድና ሌላ ይሞላል። መዝገብ ቤት ያስተማራት ይህንን ነው። ስለዚህ ቀደደችው።

አሁን እንደ አዲስ መጫን ብቻ ነው የቀረው። ሌሊሳ ቢቸግራት ብሎ ፍላሽና በእጁ የጻፈው ወረቀት ትቶላታል። መነጽሯን አድርጋ አነበበች። «ፍላሹን ሰክተሽ ሰማያዊዋን ምልክት ሁለቴ ተጫኚ። ቀጥል፣ ቀጥል፣ ቀጥል እያልሽ ሂጂ፤ አንቺ ሲሰለችሽ እሱ ይጨርሳል።» እንዳለውም ሆነ። ላፕቶፑን መስኮቱ ሥር አስጠግታዋለች፤ የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሳምንታት አልፈዋልና፣ የምትጠቀመው ከአጥሩ ማዶ ያለው የመስዑድ ኮፒ ቤት የሚለቀውን ዋይፋይ ነው። የእሱ በሽቦ የሚመጣ ስለሆነ ይሠራል። ከመስኮቱ ሁለት እርምጃ ከራቁ ግን ይጠፋል።

«አሁን ማውሷን ገጹ ላይ ወዲያ ወዲህ አመላልሻት» ይላል ወረቀቱ። «ቁልፍሽ፣ ማለት የምስጢር ኮድሽ፣ የሚሠራው ከእጅሽ እንቅስቃሴ ነው።» ከበደች ማውሷን ይዛ ሊጥ እንደምታሽ አዞረቻት። ገጹ ላይ የነበረው መስመር ቀስ እያለ ሞላ፣ ቁልፉም ተሠራ። በስም ቦታው ላይ በዚህ ጊዜ «ጎመን» ብላ ጻፈች። በራሷ ብልጠት ትንሽ ኮራች።

ከዚያ ፕሮግራሙ ጥያቄ አመጣ። ከማን ጋር መገናኘት ይፈልጋሉ? ከማንኛውም ሰው ወይስ ከሚያምኗቸው ሰዎች ጋር ብቻ? ሌሊሳ ከሥሩ አስምሮ «ሁለተኛውን! አንደኛውን እንዳትነኪው» ብሏል። ሁለተኛውን ስትነካ ደግሞ ሌላ ጽሑፍ መጣ። ለዚህ ምርጫ የሚያምኗቸው ቢያንስ አምስት ሰዎች ቢኖሩዎት ይመከራል።

አምስት። ከበደች ሳታስበው አምስት ጣቶቿን ዘርግታ አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመረች። ባሏ ዘገየ፤ ከሞተ ስድስት ዓመቱ። ጥሩነሽ አለች፣ የጸሎት ጓደኛዋ። የረቡዕ ጸሎት አሥር ዓመት ሙሉ የተደረገው በዚህች ሳሎን ነበር፤ የሌሊሳ መሰወር ከተሰማ ወዲህ ግን ጸሎቱ ወደ ሌላ ቤት ተዛወረ፣ ለእሷም የነገራት የለም። ፌኔት አለች፣ አንድ ጠረጴዛ የሚጋሩት፤ እሷም ምሳ ከሌሎች ጋር መብላት ጀምራለች። ቦርደዴ ያለችው እህቷ ትወዳታለች፤ ነገር ግን ምስጢር ከሰማች እስክታወራው ድረስ ከንፈሯ ያሳክካታል። የተዘረጋው ጣት አንድ ብቻ ሆነ። የሌሊሳ ነው። ፕሮግራሙ ይሉኝታ የለውምና አንድም ቢሆን ቀጥል አላት፤ ቀጠለች።

የሌሊሳን ቁልፍ፣ ያንን ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር፣ ከወረቀቱ ላይ ሁለቴ አመሳክራ አስገባች። ገጹ ጥግ ላይ «የተገናኙ ሰዎች፦ 0» ይላል። ገና ስላልከፈተው ነው ብላ ጠበቀች። ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰባት ሆነ። ጓሮ ለቅዳሜ ብላ ያሰረችው አውራ ዶሮ በሆነ ባልሆነው ይጮሃል። ዜሮው ንቅንቅ አላለም። ሰባት ተኩል ላይ፣ ሌላ የምትሠራው ስላጣች፣ ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ላይም ጽሑፍ ነበር።

«ቁልፍ እንደ ጣት አሻራ ነው። ከጠፋ ያው ተመልሶ አይመጣም። አዲስ ካወጣሽ አዲሱን ፍላሽ ላይ ገልብጠሽ በሰው እጅ ስጪኝ፤ አለበለዚያ የእኔ ማሽን አያውቅሽም፣ በሩንም አይከፍትልሽም።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን የምትለቅመውም አልቀረላትም። ልጇ የሚያውቃትን ብቸኛዋን ከበደች ጠዋት በገዛ እጇ፣ እርግጠኛ ነኝ ብላ አጥፍታታለች። ከሰዓት ይከፍታል፣ ዝምታዋን ያያል፣ ሰላም ነው ይላል፣ ይመጣል።

አለቀሰች። ሲበቃት ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፣ አዲሱን ቁልፍ ወረቀቱ እንዳለው ፍላሹ ላይ ገለበጠች፣ መታወቂያዋን ለሰበብ ይዛ ወደ መስዑድ ኮፒ ቤት ሄደች። በሰው እጅ ብሏል፤ ኮምፒውተር የሚገባው ሌላ ሰው አታውቅም። ሌሊሳም ሁለት ክረምት ለእሱ ሠርቷል።

ሰዓቱ ግን የበርጫ ሰዓት ነው። ከኮፒ ማሽኑ ኋላ በመጋረጃ በተከለለው ክፍል ሰዎች ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው ጫት ይቅማሉ፤ በሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል።

«አካም ኦልተን፣ አዴ ከበደች» አለ መስዑድ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፤ በኦሮምኛ እንዴት ዋሉ፣ ወይዘሮ ማለቱ ነው። «ሥራ የለም እንዴ ዛሬ?»

«ሆዴን አሞኝ ነው። ይህችን ኮፒ አድርግልኝ።»

መጋረጃው ገለጥ አለና የመሥሪያ ቤቷ ሒሳብ ሹም በድሪ፣ ጉንጩ እንደተወጠረ፣ ብቅ አለ። «መስዑድ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የለም? ... አዬ፣ አዴ ከበደች! ታመሙ ተብሎ አልነበር?»

«ሕክምና ቤት የመታወቂያ ኮፒ አምጪ ብለውኝ ነው።»

«አላህ ያሽርዎት» አለ በድሪ። መታወቂያውን አየ፣ እሷን አየ፣ ውሃውን ተቀብሎ ገባ።

መስዑድ ማሽኑን አስነሣው። በጩኸቱ ተከልላ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«መስዑድ፣ ሌሊሳ የጫነልኝን ነገር አጠፋሁት። እንደገና ጫንኩት፣ ግን አያውቀኝም። ዛሬ ካላገኘሁት ...»

መስዑድ ፊቱ ተለዋወጠ። ባዶ ወረቀት ማሽኑ ውስጥ እየከተተ ማስጮሁን ቀጠለ። «ቁልፉንም ጭምር አጠፉት?»

«ሙሉ ስሜ ነበረበት እኮ።»

«አዬ አዴ! ስሙ ምን ያደርጋል? ዋናው ቁልፉ ነበር።» መጋረጃውን ተመለከተ። ከዚያ የራሱን ኮምፒውተር ወደ ግድግዳው አዞረና አንድ ገጽ ከፈተ። ያችው ሰማያዊ ምልክት ነበረች።

«አንተም ጋ አለ?»

«በክረምት ራሱ ነው የጫነልኝ። አንዳንድ ቀን ብቅ ይልና ደህና ነኝ ይለኛል።»

ከበደች ጠረጴዛውን ያዘች። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ አጥር ማዶ፣ ልጇ በሕይወት መኖሩን የሚያውቅ ሰው ነበር። «ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎስ መቼ ነገሩኝ?» አለ መስዑድ ቀስ ብሎ። «ሰው ሰውን የሚያምንበት ጊዜ መሰለዎት? ፍላሹን ያምጡ።»

ሰካው፣ ሁለት ሦስት ነገር ተጫነ፣ መለሰላት። «የእናትህ አዲስ ቁልፍ ነው ብዬ ልኬለታለሁ። ሲከፍት ያገኘዋል።» የዝርዝሩን ነገርም አብረህ ጻፍልኝ ልትለው ነበር፤ በድሪ ከመጋረጃው ኋላ አለና ተወችው።

«እግዚአብሔር ይስጥህ፣ መስዑድ።»

«አዴ ...» ዓይኑን ከዓይኗ ላይ አነሣ። «እኔ አሁን ከዚህ ማሽን ላይ አጠፋዋለሁ። ዋይፋዩንም ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይለፍ ቃሉን እቀይረዋለሁ። ከዚያ በኋላ እንዳይጠይቁኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ። ወላሂ እንዳይቀየሙኝ።»

«አልቀየምህም» አለች። መታወቂያዋንና ኮፒውን ይዛ ወጣች። ኮፒው ባዶ ነበር፤ መታወቂያው የማሽኑ መስተዋት ላይ አልተቀመጠም።

እቤቷ ገብታ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ዘጠኝ ሰዓት፣ ዜሮ። ዘጠኝ ተኩል፣ ዜሮ። ዓይኗን ላለመንቀል ዶሮውን እንኳ ውሃ አላጠጣችውም። አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ዜሮው አንድ ሆነ። ምንም ድምፅ አላሰማም፤ ዝም ብሎ አንድ ሆነ።

«ማን ነሽ?» የሚል ጽሑፍ መጣ።

«እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች።

«እኔ ማን? ቁልፉ አዲስ ነው። ላማችንን ስንሸጥ ያለቀሰው ማን ነው?»

የመንደሩ ሰው ሁሉ ልጁ አለቀሰ ሲል ነው የኖረው። «አባትህ። ጓዳ ገብቶ» አለች።

«እማ! እማዬ!»

ብዙ ነገር ልትጽፍ ነበር። በልተሃል ወይ፣ ብርድ አለ ወይ፣ ማን ነው ልብስህን የሚያጥበው። ሰዓቱን አየችና ሁሉንም ተወችው። «አትምጣ» ብላ ጻፈች። «ስምህን አይቻለሁ። ሰባተኛ ነህ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ይህ ጥያቄ ጠዋትም ቀርቦላት ነበር። «ገቢ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ። አትምጣ።»

የጠፋ መስሏት የገጹን ጥግ አየች፤ አሁንም አንድ ነው።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ወደ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ። ነገ በዚሁ እንገናኝ?»

«ከዛሬ በኋላ ኔትወርክ የለኝም። እስከ አሥራ ሁለት ብቻ ነው።»

«መስዑድ ነው?»

«ልጆች አሉት። አትፍረድበት።»

ጓሮ አውራ ዶሮው ጮኸ። ሌሊሳ ደግሞ ጻፈ፦ «እማ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እዚህ የሚሰማን የለም። በዓሉን ከማን ጋር ትውያለሽ?»

ከበደች «ብቻዬን» ብላ ጻፈች። ፊደሎቹን አየቻቸው። ሳሎኑን ዞር ብላ አየች፤ ለረቡዕ ጸሎት የገዛቻቸው አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ጥግ ላይ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበዋል። ይህን ከላከችለት ልጁን ታውቀዋለች፤ ሰባተኛም ቢሆን፣ አንደኛም ቢሆን ይመጣል። አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። ስርዝ ድልዝ ሳይኖርበት፣ እንደ አዲስ ጻፈች።

«የጸሎት ጓደኞቼ በሙሉ እኔ ጋ ናቸው። እነጥሩነሽ፣ ፌኔትም ትመጣለች። እህቴም ከቦርደዴ ትመጣለች። ቤቱ ከአሁኑ ጠቦኛል፤ ዶሮው ራሱ እንዳያንሰን ፈርቻለሁ።»

ላከችው።

«እፎይ» አለ ሌሊሳ። «እሱ ነበር ያስጨነቀኝ።»

የቀረውን ሰዓት ስለ ጫማው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ አባቱ ላም ሲጻጻፉ ቆዩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንዱ ዜሮ ሆነ። ከበደች ላፕቶፑን ከደነች፣ ጓሮ ወጣች፣ አውራ ዶሮውን ውሃ አጠጣችና ገመዱን ከእግሩ ፈታችለት።