ሸጋው የታየ ዕለት

በዛሬው ዕለት፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ በአዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጎን፣ አንድ ፈረስ ይታያል። ጋሽ አብራር ይህን ለሰፈሩ በሙሉ ያስታወቁት ከሱብሂ ሶላት መልስ ነው። ሻይ ቤት ያላት ቦጋለች፣ "እኛ በየቀኑ እናየው የለ እንዴ?" ብትላቸው፣ "እሱ ማየት አይደለም፤ ማየት የገዢ ነው" አሏት።

ሸጋው ዳማ የጋሪ ፈረስ ነው። ልጃቸውን ሂያምን ከስድስተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርት ቤት ያመላለሳት እሱ ነው፤ እሷም ከቁርሷ ተምር ሳታካፍለው ውላ አታውቅም። ባጃጅ ከተማውን ከወረሰው ወዲህ ጋሪው ላይ ዶሮ ይሰፍርበታል። ጋሽ አብራር ለሰው የሚናገሩት የመሸጫ ምክንያት ይኸው ነው። እውነተኛው ምክንያት ዓይናቸው ነው፤ ሞራው ሁለቱንም ይዟቸዋል፤ ሐኪሙም ቶሎ ይገፈፍ ብሏል። ሰመራ መንግሥት ቢሮ የምትሠራው ሂያም፣ "አባዬ፣ ላሳክምህ" ብትል፣ "ዝንብ ከነክንፉ ይታየኛል! ደሞዝሽን ለራስሽ!" ብለው ስልኩን ዘጉባት። ነገሩን ደግማ አላነሳችውም። እሳቸውም ረታኋት ብለው ተቀመጡ።

በሳምንቱ ተክለ ማርያም የሚባል ሰው ከሰመራ ደወለ። ፈረስ እንደሚሸጡ ሰምቷል፤ መጀመሪያ ፎቶ ፈለገ። አንስተው ላኩለት። የወጣው ግድግዳና አንድ ጆሮ ነበር።

"ጆሮው ግሩም ነው" አለ ሰውየው። "ቀሪውን መጥቼ አያለሁ።"

መጣም። በኮንትራት የያዘው ባጃጅ ከመንገዱ ማዶ ቆመ፤ ለጋሽ አብራር ሰማያዊ ጭጋግ ነበር።

"ጥርሱን ይዩታ፣ ጌታው።"

ተክለ ማርያም የፈረሱን ከንፈር በሁለት ጣት ገልጦ ብዙ ቆየ። "ሁሉም አሉ" አለ።

ጋሽ አብራር የፈረሱን ገመድ ጠበቅ አድርገው ያዙ። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ጥርስ አይቶ ዕድሜ ይናገራል እንጂ አይቆጥርም። ሸጋውን እንዲህ ላለ ሰው እንዴት ይሰጡታል?

"ለምን ሥራ ነው የፈለጉት?"

"ለ... ለጠቅላላ አገልግሎት።"

"የሰመራን ሙቀት አይችለውም እኮ። እዚህም ቀትር ላይ ጥላ ይሻል።"

"አብሽሩ፣ አባቴ። እርስዎ ዘንድ ይቆያል፤ ቀለቡን እኔ እልካለሁ። ዋጋውም እንዳሉት ይሁን።"

ጋሽ አብራር ሠላሳ ዓመት ገበያ ውለው፣ ዋጋ የማይከራከር፣ የገዛውንም የማይወስድ ገዢ አላጋጠማቸውም። ሸጋው ከደጃቸው ላይነቃነቅ ነው! ደስታው እንዳይታወቅባቸው ፊታቸውን ቋጠር አድርገው፣ "ለእኔ እንኳ ሸክም ነው" አሉ።

"ዓይኑስ ደህና ነው?"

"የማን?"

"የፈረሱ።"

"የሱ አልሀምዱሊላህ። እንግዲህ ሶምሶማውን ይዩልኝ።"

ገመዱን ለቀቁት። ሸጋው ሶምሶማ አልረገጠም። አንገቱን አቀና፣ አየሩን በአፍንጫው ሳበ፣ አስፋልቱን እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ተሻገረና ባጃጁ ውስጥ እስከ ጋማው ገባ።

"ሸጋው! ኧረ ነውር ነው!"

ጋሽ አብራር በከዘራቸው መንገዱን እየዳሰሱ ደረሱ። ከባጃጁ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር፣ ሻርፕ የጣለች ሴት ጥላ አዩ። ፈረሱ ግንባሩን ደረቷ ላይ አስደግፏል፤ ተምር ሲያላምጥ ይሰማል። አንድ ክንድ ቀርቷቸው ቆሙና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"አፉ በይኝ እህቴ" አሉ በትሕትና። "ክፋት የለውም፤ እንግዳ ሲያይ ነው።"

ተክለ ማርያም አንገቱን ደፋ። ባጃጅ ነጂው ሞተሩን አጠፋ። ሸጋው ብቻ ያላምጣል።

"ግድ የለም፣ አባዬ" አለች ሴትዮዋ።